ጋሽ ይገኛል የማን ነው?

እኛ ትምህርት ቤት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን የሚፈልግ አንድ መምህር አለ። ልጆቹ ጋሽ ይገኛል ይሉታል፤ እኛም ጋሽ ይገኛል ማለት ከጀመርን ስንት ዘመናችን። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ይመስለኛል። ምን ጠፋ ቢሉት መልሱ አንድ ነው። ቾክ ጠፋ? ይገኛል። የተማሪ ደብተር ጠፋ? ይገኛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቹን በሙሉ አካባቢ ሊያስጎበኝ ይዞ ወጣና ብቻውን ተመለሰ። ያኔም ይገኛሉ አለን። ደግሞም ተገኙ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው እሱን እየጠበቁ ነበር። የጠፋው እሱ ነበር ማለት ነው።

እኔ ከጎኑ ያለውን አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ የኔ ተማሪዎች ይማርህ ይላሉ። ማባዛት በዜማ ሲያስጮሃቸው የኔ የንባብ ክፍለ ጊዜ ገደል ይገባል። ግድግዳውን በዳስተር እደበድባለሁ፤ እሱ ሆዬ እንግዳ የመጣ መስሎት ሄዶ በሩን ይከፍታል። ቆሽቴን ሲያሳርረው ኖሯል እላችኋለሁ። በዕድሜ ታላቄ ቢሆንም አንቱ አልለውም፤ አይወድም። አንቱ ስትሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ባትኖር ይህ ሰው እስካሁን ራሱንም የሆነ ቦታ ረስቶ ይቀር ነበር። መሀረቡን ከኪሱ ጋር ሰፍታለታለች። እስክሪብቶው በላስቲክ ከቁልፍ ማስገቢያው ጋር ታስሯል። የቤት ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። የምሳ ዕቃው ማንጠልጠያ ከኮቱ ትከሻ ጋር ስለተሰፋ ኮቱን ካላወለቀ ምሳውን የትም ሊረሳው አይችልም። ኮቱን አውልቆ ረስቶት ያውቃል፤ እሱን ተዉት። ከቤቱ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው መንገድ ይህ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ባለሱቆች ደግሞ አልፎ ሲሄድ ካዩት አዙረው ይመልሱታል።

ወደ ክበቡ ልምጣ። አርብ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ክበብ ነው። ክበብ የሌለው ተማሪ፣ ክበብ የሌለው መምህር አይኖርም፤ የርዕሰ መምህሩ ደንብ ነው። ርዕሰ መምህራችን ወጣት ነው፣ ከረባት የማይለየው፣ ደንብ ማውጣት ከእህል ውሃ አስበልጦ የሚወድ። ግድግዳው ሁሉ ደንብ ነው። ቧንቧው ላይ አለ፣ ደረጃው ላይ አለ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያለውን አልነግራችሁም። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት የመረብ ኳስ መረባችንን ሊዋስ በመጣ ጊዜ ደግሞ እምቢ ለማለት እንዲመቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጁ፣ «የክበብ ንብረት ከግቢ አይወጣም» ብሎ ጻፈ። ይህቺን ልብ አድርጉልኝ።

ክበብ የሚደለደለው ዓመቱ ሲጀመር በዕጣ ነው። ዘንድሮ ለኔ የጓሮ አትክልት ደረሰኝ። ጋሽ ይገኛል የመጣው ዕጣው ተወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጃንጥላውን ሲፈልግ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን አዙሮ ቃኘና ደረጃው ሥር የተቀመጠውን የወዳደቀ ዕቃ ሣጥን አየ፤ አንድ እግር ጫማ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን፣ የሹራብ እጅጌ ብቻውን። በቃ ጋሼ፣ እርስዎ የጠፋ ዕቃ ክበብን ይመራሉ አለው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። መዋኘት የማይችል ሰው ጀልባ ሲረከብ ያየሁ መሰለኝ።

አባላቱ ደግሞ ሌላ ክበብ ያልፈለጋቸው ነበሩ። ኳስ ሲመቱ ጫማቸው የሚቀድም፣ ሲዘፍኑ የሙዚቃ መምህሩ እባካችሁ ብሎ የሚለምናቸው። ሰብሳቢያቸው ሁለቱም የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። በእረፍት ሰዓት የሁሉንም ጠብ እየሰማች ስለምትፈርድ ዳኛዋ ይሏታል። ስትናገር በጥርሷ ክፍተት አየር ያፏጫል፤ ግን አንድም ሰው ሲስቅባት አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ። የክበቡን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። የተገኘ ዕቃ ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ይወጣል። ይህ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። የኔ ነው ያለ ሰው ወጥቶ ከውጭ የማይታይ አንድ ምልክት ይናገራል። እስከ አርብ ባለቤት ካልመጣ ዕቃው የክበቡ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ይህን ደንብ ሲሰማ ፊቱ በራ። በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰው ፊት፣ የክበቡ ደንብ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረና ተጨበጨበለት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሣጥኑ ወዲያው ባዶ ሆነ። ሥራ የሌለው ክበብ ይዘጋል የሚል ደንብም አለ። ልጆቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? ዕቃ ማጥፋት ጀመሩ።

እጅ ከፍንጅ የያዛቸው የለም። ግን የስፖርት መምህሩ ፊሽካ ጠፋ፤ በማግስቱ ተገኘ። ደወሉ ጠፋና ቀኑን ሙሉ እረፍት ሳንወጣ ዋልን፤ በማግስቱ ተገኘ። ከዚያ የኔ ውሃ ማጠጫ። ሰልፍ ላይ ቆመው ሁለት ሆነው ከፍ አድርገው ያዙት። ይህ የማን ነው? ምን ላድርግ፣ ካሮቴ ደርቆ ሊያልቅ ነው፤ ወጣሁ። ዳኛዋ ምልክት ስትለኝ በጆሮሽ ልንገርሽ አልኳት፤ ደንቡ አይፈቅድም አለች። ሥሩ ተበስቶ በማስቲካ ደፍኜዋለሁ አልኩ። ማስቲካውን ማን አኘከው ተባልኩ። በትምህርት ሰዓት ማስቲካ ሳኝክ መዋሌን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰማ። ጋሽ ይገኛል ግን ከልቡ ደስ ብሎት ይገኛል አላልኳችሁም ይለናል። በየሳምንቱ ይህን ያህል ዕቃ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ እሱ እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ ኑሮ ማለት ይህ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ከዚያ የርዕሰ መምህሩ ትራስ ጠፋ። ወንበሩ ላይ የሚያነጥፋት፣ ዳክዬ ከነጫጩቶቿ የተጠለፈባት ቢጫ ትራስ። የሱ መሆኗን ዘበኛው እንኳ ያውቃል። ሰኞ ወጣች፤ ርዕሰ መምህሩ ሰማይ ሰማይ አየ። ማክሰኞ ወጣች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያላስወጣው ምልክቱ ነው። ከሥሯ እናቱ የሕፃንነት የቁልምጫ ስሙን እንደጠለፈችበት ሁላችንም ሰምተናል። ሌላ ሰው ልኮ እንዳያስወስዳት ራሱ ያጸደቀው ደንብ አፉን ዘጋው። አርብ ትራሷ የክበቡ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ በባዶ እንጨት ተቀምጦ ግራና ቀኝ ሲገላበጥ ማየት ነው። ጋሽ ይገኛልንም በጎሪጥ ያየው ጀመር።

እንዲህ እንዳለን ሁለቱ የሦስተኛ ክፍል ምድቦች ተማሪ አነሳቸው ተብሎ ተጠቃለሉ። አንድ መምህር ትርፍ ሆነ። ማን እንደሚሆን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ይገኛልን ቢሮ አስጠርቶ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መኪና ይመጣል፣ ከትርፍ ዴስኮቹ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ አለው። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነው።

ከቢሮው ወጥቶ ወደኔ ክፍል መጣ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር፤ ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። ኋላ ካለው ዴስክ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

«ጡረታዬ ደርሷል፤ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ። «እዚህ የጠፋብኝን ሁሉ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። እዚያ የምጠፋው እኔ ነኝ። ማን ይፈልገኛል?»

ይገኛል ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ተወኝ። አንጀቴን በላው። ለካ ሰው ቆሽቱን የሚያሳርረውን ሰውም ይወዳል።

እሱ ደግሞ ለልጆቹ ሳይደብቅ ነገራቸው። አርብ፣ ክበቡ ደረጃ ሥር በተሰበሰበበት። ልጆቹ አለቀሱ። ዳኛዋ አላለቀሰችም፤ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ታስብ ነበር። ትርፍ ማለት ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችው። የኔ ነው የሚለው ሰው የሌለው ማለት ነው መሰለኝ አላት። ባለቤት የሌለው ማለት ነው? እንደዚያ በይው አላት። እሷም እንግዲያው ሰኞ ሰልፍ ላይ ይወጣላ አለች፤ በቃ ተወሰነ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይገኛል ደረጃው ላይ ቆመ። ልጆቹ ከፍ አድርገው ሊይዙት አልቻሉም፤ ወንበር ላይ አቆሙት። ይህ የማን ነው? ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኛም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልሳቀም። ነገሩ ገብቶታል። የትምህርት ቤቱ ነው ቢል ትርፍ አይደለም ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ቢል ተጨብጭቦለት ያጸደቀው ደንብ ነው። እንደ ትራሷ ጊዜ ሰማይ ሰማይ ማየት ይሻላል ብሎ አንጋጠጠ። እኔ እጄን ላነሳ ስል ዳኛዋ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ከሰልፉ በፊት መጥታ ቲቸር አንቺ ብትወስጂው የት ታስቀምጪዋለሽ ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ እኔ ራሴ ተቀጣሪ ነኝ።

ማክሰኞም ወጣ። እሮብ ማንም አልሳቀም። ሰው ወንበር ላይ ቆሞ፣ መሀረቡ ከኪሱ እንደተሰፋ ተንጠልጥሎ፣ ይህ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅና ሜዳው ሁሉ ጭጭ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱም እሮብ ዕለት ከወንበሩ ሲወርድ ወደ ሰልፉ አላየም። ማታ ቤቱ ሲገባ እራት አልበላም አሉ።

ሐሙስ ሚስቱ መጣች። ጥያቄው ገና ከዳኛዋ አፍ ሳይወጣ በግቢው በር ገባች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ። ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ዘበኛው ሊያስቆማት ፈልጎ ነበር፤ አይቷት መንገድ ለቀቀ።

ባሌን እንደ ጎማ ጫማ አሰልፋችሁ ታስጎበኛላችሁ አለች። የኔ ነው፣ አምጡት አለች። ርዕሰ መምህሩ ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ ወደ መሬት ተመለሰ፤ በጣም ጥሩ፣ ባለቤቱ ተገኘች፣ ጉዳዩ አበቃ አለ። ዳኛዋ ግን ከውጭ የማይታይ ምልክት አለች።

ሚስቱ አላመነታችም። በግራ በኩል የኮቱ ገበር ላይ በሰማያዊ ክር ቤታችን የት እንደሆነ ጠልፌያለሁ አለች። ዳኛዋ ወንበሩ ላይ ወጥታ ኮቱን ገለጠች። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ልክ ነው አለች። ከዚያ ወረደችና ሴትየዋን ቀና ብላ አየቻት።

«እማማ፣ ከወሰዱት እኮ ነገ መኪናው ቤት መጥቶ ይወስደዋል» አለቻት። «ባለቤት ካልተገኘለት ግን የኛ ይሆናል። የኛ ከሆነ ከግቢ አይወጣም።»

ሚስቱ የግምጃ ቤቱን በር አየች። ቀዩን ጽሑፍ አነበበች። ርዕሰ መምህሩን አየችው። ከዚያ ባሏን አየች፤ እሱም ወንበር ላይ ቆሞ፣ ገበሩ ተገልብጦ፣ አያት። ስንት ዓመት የሰፋችው ሰው ነው! ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ትጠቀልለው ጀመር፤ ጠቅልላ ጨረሰች።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «ኮቱ የኔ ስፌት ነው። ሰውዬው ግን የኔ አይደለም።»

ዞራ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ በመሀረቧ ዓይኗን ስትጠርግ ዘበኛው አይቷታል። ጋሽ ይገኛል ወንበሩ ላይ እንደቆመ ይስቃል፣ እንባው ደግሞ በመነጽሩ ሥር ይወርዳል። እኔን አትጠይቁኝ፤ አፍንጫዬን እጠርግ ነበር።

አርብ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ተጠየቀ፤ ማንም የኔ ነው አላለም። ዳኛዋ ክበቡ ተረክቧል ብላ አወጀች፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ረፋዱ ላይ ፒክአፕ መኪና መጣ። ያው በወላጆች ስብሰባ ላይ የነበረው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ከጋቢናው ወረደ፤ ደክሞታል፣ ከየትምህርት ቤቱ ትርፍ ሲለቅም ነው የሰነበተው። ዴስኮቹ ተጫኑ። ከዴስኮቹ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ይገኛልን በክንዱ ይዞ አመጣው። ዳኛዋና ክበቧ መኪናው በር ላይ ተደርድረው ነበር።

የክበብ ንብረት ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰልፍ ላይ ተጠይቆ ባለቤት አልመጣም፣ ከግቢ አይወጣም አለችው ዳኛዋ ሰውየውን። ሰውየው ርዕሰ መምህሩን ምን ትላለች ብሎ ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ ሲንተባተብ ሰውየው የግምጃ ቤቱን በር አየና ጮክ ብሎ አነበበው፤ ማን ነው የጻፈው አለ። እኔ። የክበቡ ደንብ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው ብለህ ወላጆች ፊት ያስጨበጨብከውስ? እኔው ነኝ። ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠየቅ የኔ ነው አላልክም? አላልኩም። ርዕሰ መምህሩ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ሳይወድ በግዱ እሺ፣ እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ነው አለ። ዳኛዋ ቀኑ አልፏል፣ ግን ትናንት ከተነገረው ሌላ ምልክት ያውቃሉ ወይ አለችው። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ይገኛልን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። አብረው ስንት ዓመት ሠርተው አንድ ምልክት አላወቀም።

«እኔ የመጣሁት ትርፍ ልወስድ ነው» አለ የጽሕፈት ቤቱ ሰው፣ ዓይኑን እያሸ። «ይሄን ያህል ሰው የሚጣላበት ነገር ትርፍ አይባልም።» ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ዴስኮቹን ይዞ ሄደ።

የተጠቃለለው ክፍልም ሁለት ምድብ ተማሪ ታጭቆ መቀመጫ ስላነሰው ግማሹን ተማሪ ጋሽ ይገኛል ይዞ ወደ ድሮ ክፍሉ ገባና ወለሉ ላይ አስቀመጣቸው። ማንም ግባ አላለውም፤ ማንም ውጣ አላለውም። ማባዛቱ በዜማ ሲጀመር ዳስተሬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ለዚያ ቀን ብቻ ነው።

ደስታችን ታዲያ እስከ መውጫ ሰዓት ነበር። ተማሪው ወጣ፣ መምህሩ ወጣ፣ ጋሽ ይገኛል የምሳ ዕቃውን ከትከሻው አንጠልጥሎ በሩ ጋ ሲደርስ ዘበኛው ክንዱን ዘርግቶ አገደው። የክበብ ንብረት ከግቢ አይወጣም። ቀልድ መስሎን ነበር። ዘበኛው ግን ቀልድ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ የጽሕፈት ቤት ሰው ያከበረውን ደንብ እኔ ማን ነኝና እጥሳለሁ አለ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ብንሄድ በሩን ከውስጥ ቆልፎ የለሁም አለን። ጋሽ ይገኛል የግቢው በር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እኔን እያየ ምን ይደረጋል አለ።

ሚስቱ ከማዶ ስትመጣ አየናት። ትናንት የኔ አይደለም ያለችውን ሰው የኔ ነው ብላ ልታስወጣው አትችልም፤ ሁላችንም የምናስበው ያንን ነበር። እሷም ገብቷታል። በሩ ላይ ቆመች፤ እሱ በውስጥ፣ እሷ በውጭ። ዳኛዋ ቦርሳዋን ተሸክማ ከኋላችን መጣች፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ከዚያ እጁን ይዛ ከድንጋዩ አስነሳችው።

«ይህ የማን ነው?» አለች።

«የእናንተ ነው» አለች ሚስቱ። «እስከ ሰኞ ጠዋት አውሱኝ።»

ዘበኛው ውሰትን የሚከለክል ደንብ በየግድግዳው ዞሮ ፈለገ፤ አላገኘም፤ ክንዱን አወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ትመጣለች፣ ትጠየቃለች፣ ትዋሰዋለች፤ ጠዋት ተቦርሾ፣ ቁልፉ ሁሉ ተቆልፎ ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩም ይህን አይቶ ይሁን አላውቅም፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያየው ደረጃ ሥር ወርዶ ትራሷን ይዋሳል አሉ።

ትናንት ማታ ከኋላቸው ነበር የወጣሁት። ዳኛዋ እጁን ለሚስቱ እያቀበለች መንገድ ላይ እንዳይጠፋብዎት አለቻት። ሚስቱም ክንዱን በክንዷ ስር አስገባች።

«ይገኛል» አለች።